21 ሜትር «ፋሻ»

በጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ሠርጉ አምሮ አለፈ፤ ያየ ያውቃል። ከሠርጉ 18 ቀን በፊት ግን በአንዲት ቃል ምክንያት ቤታችን ሊታመስ ምንም አልቀረውም ነበር። ቃሏ «ፉሽያ» ናት። ዛሬ የቀለም ስም ናት። ከዚያ በፊት የአበባ ስም ነበረች። ከዚያም በፊት የሰው ስም። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን በኋላ ነው። ያን ቀን የምናውቀው ሐረር ውስጥ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ 21 ሜትር የተሳሳተ ጨርቅ መቀመጡን ብቻ ነበር።

ጉዳዩን ከነጓዙ የምጽፈው አንድ ነገር ስላስገረመኝ ነው። ከገቡበት ሰዎች አንዱም አልዋሸም። አንዱም ሥራውን አልበደለም። ግን እያንዳንዱ ሌላ ቀለም ነው ያሰበው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ትዕዛዙ

ሙሽራዋ ስድስት ሚዜዎች ነበሯት። ለእያንዳንዷ ሦስት ሜትር ተኩል ሳቲን ያስፈልጋል ተባለ። ድምሩ 21 ሜትር። ጨርቁ ከድሬዳዋ ይገዛል፣ ስፌቱ ሐረር ይሆናል። ድሬዳዋ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ አይደለም። እህቴ ጁገል ተወልዳ ያደገች ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ያሰፋችው መኪና ግርግር ነው። የልጇን ሠርግ ሌላ ሰፊ ቢነካው አይዋጥላትም።

መኪና ግርግርን ለማታውቁ፦ ከፈረስ መጋላ ወደ ጁገል ውስጥ የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ደጃፋቸው ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ስሙ ራሱ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ ዝም የሚል ጊዜ የለም። ጨርቁን ከጎን ካለው ሱቅ ገዝተህ ለሰፊው ሰጥተህ፣ ገበያህን ጨርሰህ ስትመለስ ልብስ ሆኖ ታገኘዋለህ።

«ታዲያ ጨርቁንስ ለምን እዚያው አትገዙም?» ብዬ ነበር። ሙሽራዋ «ታይዋን ይሻላል» አለች። ታይዋን ስትል ደሴቷን አይደለም፤ የድሬዳዋን ገበያ ነው። በሠርግ ጉዳይ ከሙሽራ ጋር አልከራከርም።

ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «አጎቴ ይሄ ነው። ፉሻ ነው የሚባለው። 21 ሜትር» ብላለች። ፎቶው ላይ ያለው ቀለም ያበራል። ሮዝ ነው እንዳትለው ሮዝን አልፎ ሄዷል። ሐምራዊ ነው እንዳትለው ቀይ ገብቶበታል። በበነጋታው ለማውቃት ጨርቅ ነጋዴ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

«ፉሽያ ሳቲን፣ 21 ሜትር።»

«ምን?»

«ፉሽያ! ፉ፣ ሽ፣ ያ!»

«እሺ ጋሼ፣ ገባኝ፣ ገባኝ።»

ፎቶውን አልላክሁላትም። ለምን እንዳልላክሁ እስካሁን መልስ የለኝም። ቃሉ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። «ጥቁር» ብል ጥቁር፣ «ነጭ» ብል ነጭ ትልክልኝ የለ?

በኋላ ደብተሯን አየሁት። «21 ሜ. ፋሻ» ይላል። ፉና ፋ እየተሯሯጡ ሲጻፉ መንታ ናቸው፤ ነጋዴዋም «ፉሻ» ብላ ነበር ለመጻፍ የፈለገችው። እህቴ ደብተሩን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «የቁስል ፋሻ ነው እንዴ ልጆቹን የምትጠቀልሏቸው?» አለች። የሳቀችው ግን ነገሩ ከተፈታ በኋላ ነው። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ደብተሩ ጥፋት አላመጣም። ነጋዴዋ ፉሽያ መሆኑን አውቃለች። ሱቋ ስላልነበረ ከሌላ ነጋዴ አስመጣች። ጥቅሉ ሲመጣ የተለጠፈበት ወረቀት «ፉሽያ» ይላል። ከነላስቲኩ ሚኒባስ ላይ ተጫነ። ደንገጎን ወጥቶ፣ አወዳይን አልፎ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐረር ገባ። ድሬዳዋ ላይ ላስቲኩን የከፈተ ሰው የለም።

«ለሠርግ ነው ወይስ ለተዝካር?»

የከፈተው ሰፊው ነው። አንጋፋ ሰው ናቸው፤ እህቴ «ሐጂ» ነው የምትላቸው። መቀሱን ከማንሳታቸው በፊት ጨርቁን ደጃፍ ድረስ አውጥተው በፀሐይ ዘረጉት። ከዚያ ደወሉ።

«የኔ እህት፣ ይሄ ለሠርግ ነው ወይስ ለተዝካር?»

እህቴ ክው አለች። በበነጋታው አብረን ወጣን። ጨርቁን ሳየው እውነታቸውን ነበር። ጥራቱ ግሩም ነው። ግን ጠቆር ያለ፣ የበሰለ ወይን የመሰለ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነገር ነው። ሐጂ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሮዝ የተቀባ ግድግዳ ጋር አስተያዩት። «ይሄ ወይን ጠጅ ነው» አሉ። «የናንተን ቀለም ስሙን አላውቅም። ስሙን አትንገሩኝ፤ ዕቃውን አሳዩኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን በመዳፋቸው ከፀሐይ ከለሉት። ወደ ጥላ ገቡ፣ ወጡ። መለሱልኝ። «ይሄ መብራት ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም» አሉኝ።

ያን ቀን ሽማግሌ የተናገሩት ወግ መስሎኝ አለፍኩት። በኋላ ሳስበው ከዚህ የተሻለ ሙያዊ አስተያየት ከማንም አልሰማሁም። የስልክ መስታወት ቀለሙን የሚሠራው ከሦስት ብርሃን ነው፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። ኮምፒዩተር ላይ ፉሽያ የሚባለው ቀለም ቀዩ 255፣ አረንጓዴው 0፣ ሰማያዊው 255 ነው። ሁለቱ መብራቶች እስከመጨረሻው በርተው፣ መካከለኛው ጠፍቶ ማለት ነው። ጨርቅ ግን መብራት የለውም። ከፀሐይ የተቀበለውን ነው የሚመልሰው፤ ያም ከፊሉን ውጦ። ስለዚህ ልጅቷ ስልኳ ላይ ያየችው ቀለም፣ ልክ እንዳየችው ሆኖ፣ የትኛውም ሱቅ ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። ቀስተ ደመና ላይ ብትፈልጉት ይህን ቀለም አታገኙትም። ከቀይ ጀምሮ እስከ ወይን ጠጁ ብትሄዱ የለም። ዓይናችን ቀይንና ሰማያዊን ባንድ ላይ ሲቀበል፣ መካከል ያለው አረንጓዴ ሲቀር፣ አንጎላችን ራሱ የሚሠራው ቀለም ነው። የሠርግ ሚዜ በሌለ ቀለም ማልበስ ይቻላል ማለት ነው።

ሐጂ ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉት። አንድ ሴንቲ ሜትር አልቆረጡም። ይህ ነገር ነው ያዳነን። ሌላ ሰፊ ቢሆን «ያሉኝን ሰፋሁ» ብሎ ስድስት ቀሚስ ይሰቅልልን ነበር።

ከዚራ፣ ግቢ ውስጥ

የዚያኑ ዕለት ማታ እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ቤቷ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ አጥሩን ጥሎ ወደ መንገድ የተንዠረገገ ቡገንቪላ አለ፤ ጥር ላይ ሲሆን ከአበባው ብዛት ቅጠሉ አይታይም። ሙሽራዋ አለች፣ ነጋዴዋ መጥታለች፣ እኔ አለሁ። ጎረቤት ያሉ የምድር ባቡር ጡረተኛም አሉ። የሠርጉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ገና ከሥራ አልመጣም።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። ሙሽራዋ «ፉሻ ያልኩት ይሄን ነው» ብላ ስልኳን ታሳያለች። እህቴ «በቃ ደማቅ ሮዝ ማለት አይበቃም?» ትላለች። ነጋዴዋ ከጥቅሉ የነቀለችውን ወረቀት ይዛ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ፉሽያ አሉኝ፣ ፉሽያ ላክሁ። ይኸው ተጽፏል» ትላለች። ምን ይባላል? እውነቷን ነው።

ጋሼ ቃሉን ሲሰሙ ነቃ አሉ። «ፊዩሽያ ነው እንጂ ፉሻ ምንድን ነው አቦ! ፈረንሳይኛ ነው» አሉ። እሳቸው ከባቡሩና ከፈረንሳይኛው ጋር የማያገናኙት ነገር የለም። ቀጥለው ሮዝ የሚለውንም ቃል ለአማርኛ የሰጡት የባቡር ሰዎች እንደሆኑ አስረዱን። ለዚህኛው ዋስ አልሆናቸውም። ግን ልብ በሉት፤ ነገሩ ራሱ ደስ ይላል። ሮዝ ፈረንጆቹ ዘንድ መጀመሪያ አበባ ነው፣ ኋላ ነው ቀለም የሆነው። እኛ አበባውን ጽጌረዳ እንለዋለን። ሮዝን የወሰድነው ለቀለሙ ብቻ ነው። አበባውን ጥለን ቀለሙን አስቀረን። «ሮዝ ጽጌረዳ» ስንል ምንም አይሰማንም።

የራሳችን ቃሎች መንገዳቸው ሌላ ነው። ቡና ቡናማ ይሆናል። ብርቱካን ብርቱካናማ ይሆናል። ሰማይ ሰማያዊ። ጭራ ቀጥለን ነው ወደ ቀለም የምናሻግራቸው፤ ዕቃውም ዓይናችን ፊት አለ። ተከራክረን ካልተስማማን ሲኒውን እናነሳለን። ፉሽያ ግን ጭራም የለው፣ ዕቃም የለው። «ፉሽያማ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ተክሉ ደግሞ ቅዝቃዜና እርጥበት የሚወድ ነው። አብዛኛው ዘሩ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው እንደ ጉትቻ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ድሬዳዋ ሙቀት ላይ አምጥተህ ብትተክለው ሳምንት አይቆይም። እንግዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችን፣ አንዳችንም ባላየነው አበባ ነበር የምንጣላው።

የነጩ ጋውን እጅጌ

ወንድምየው በዚህ መሀል ገባ። ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። ጋውኑን ክንዱ ላይ ጥሎ ነበር የመጣው፤ እናቱ ሁልጊዜ የምትቆጣበት ነገር ነው። የምንከራከርበትን ሰምቶ «ፉክሲን ነው የምትሉት?» አለ።

ጋውኑን ዘረጋው። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ነጠብጣብ አለች። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይሄ! ይሄ ነው!»

ቀርቤ አየኋት። መሀሏ ጠቆር ብሎ ወደ ዳር ስትሄድ እየፈካች ነው የምትሄደው። ዳሯ ላይ ያለው ቀለም በትክክል የልጅቷ ነው። ሦስት ጊዜ ታጥባ እንዳልለቀቀች ነገረን። ፉክሲን የሚባለው ማቅለሚያ ነው። ደረቁን ዱቄት ብታዩት ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የሚያብለጨልጭ። ውሃ ሲነካው ነው እንዲህ የሚሆነው። ለቲቢ ምርመራ አክታው መስታወት ላይ ይቀባል፣ ፉክሲኑ ከካርቦሊክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስበታል፣ እስኪተን ይሞቃል። ከዚያ በአሲድና አልኮል ይታጠባል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል። የቲቢዋ ባክቴሪያ ግን ሽፋኗ ሰም ያለበት ስለሆነ አትለቅም። ላዩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲጨመር፣ በማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀያይ ክሮች ሆና ትታያለች።

እህቴ እጇን ከጋውኑ ላይ አነሳች። «የሳንባ በሽታ ቀለም ነው እንዴ ልጆቹን የምታለብሷቸው?»

«እማ፣ ቀለሙ አያስተላልፍም።»

«ይሁን። ወደ ውስጥ አግባው።»

ልጁ ግን ነገሩን አንዴ ጀምሮታል። ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ያዘ። ጋሼም ወንበራቸውን አስጠጉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሠርጉ ተረሳ።

የቃሉ መነሻ የሆነው ሰውዬ ሊዮንሃርት ፉክስ ይባላል። በ1501 በጀርመን አገር የተወለደ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1542 ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከአሜሪካ የመጡትን በቆሎና ቃሪያ በሥዕል ካሳዩት ቀደምት የአውሮፓ መጻሕፍት አንዱ ነው። በ1566 ሞተ። በስሙ የተጠራውን አበባ በሕይወቱ አላየውም።

አበባውን ያገኘው ሻርል ፕሉሚየ የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጉዞ፣ ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ባሉበት ደሴት ላይ አገኘው። በ1703 ሲያሳትመው ለፉክስ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ፉክሲያ አለው። የላቲን ስሙ ላይ አበባው ደማቅ ቀይ መሆኑን ጽፏል። እዚህ ላይ ልጁ ማንበቡን አቆመና ፎቶውን አዞረልን። ብርቱካናማ ቀይ ነው! የመጀመሪያው ፉሽያ ፉሽያ አልነበረም። ነጋዴዋ ፎቶውን አይታ ወረቀቷን እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ከተተች። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ታዲያ ቀለሙ ከየት መጣ? ሊዮን ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ። ጊዜው ኬሚስቶች ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ቀለም ማውጣት የጀመሩበት ነው። በ1856 አንድ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ፣ ዊልያም ፐርኪን፣ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ቤተ ሙከራ ውስጥ ልሥራ ብሎ ሲሞክር ወይን ጠጅ ቀለም ወጣለት። ኪኒኑ ቀረ። ቀለሙ የአበባ ስም ወጣለትና ሀብታም አደረገው። (ድሬዳዋ ላይ ወባ የያዘው ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን ኪኒኑ ቢሳካለት እመርጥ ነበር።) ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፍራንስዋ ቬርጊን የሚባል የሊዮን ኬሚስት ይህን የኛን ቀለም አገኘ። በ1859 ለገበያ ያወጡት ሬናር ወንድማማቾች የሚባሉ አምራቾች ናቸው። ፉክሲን ብለው ጠሩት።

«ሬናር?» አሉ ጋሼ። «ምን ሬናር?»

«የድርጅቱ ባለቤቶች ስም ነው ጋሼ።»

«ሬናር እኮ ቀበሮ ማለት ነው አቦ!»

ልጁ ስልኩን ነካካ። ቀና አለ። «ፉክስም በጀርመንኛ ቀበሮ ነው» አለ።

ጋሼ በሳቅ ወንበራቸው ሊገለበጥ ነበር። አንዱ ወገን ፉክሲን የሚለው ስም ከአበባው ቀለም የመጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ባለቤቶቹ የራሳቸውን ስም ወደ ጀርመንኛ መልሰው ነው ይላል። በሁለቱም መንገድ ብትሄድ ቀበሮው ጋ ትደርሳለህ። የሐረሯ እህቴ ብቻ አልተደነቀችም። ጅብን በስሙ ጠርተው በሚያበሉበት አገር ያደገች ሰው በቀበሮ አትደነቅም።

የጉዳያችን ቁልፍ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ነበር፤ እኛ ግን ያን ሌሊት አልገባንም። በዚያው በ1859 ሰኔ 4 ቀን ፈረንሳይና ሰርዲኒያ ኦስትሪያን ሚላኖ አጠገብ ባለች ማጀንታ በምትባል ከተማ ድል አደረጉ። ወሬው ትኩስ ነበር። አዲሱ ቀለምም ትኩስ ነበር። ነጋዴ ምን ጊዜም ነጋዴ ነው፤ ቀለሙን ማጀንታ ማለት ተጀመረ። አንድ ማቅለሚያ ሁለት ስም ያዘ፤ አንዱ የአበባ፣ አንዱ የጦር ሜዳ። እስከዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ፉሽያና ማጀንታ ቁጥራቸው አንድ ነው። ጨርቅ ገበያው ግን ለያያቸው። አንዱ አምራች ፉሽያን ወደ ሮዝ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ። ማተሚያ ቤት ደግሞ ማጀንታ የሚለው የራሱ አለው፤ ከአራቱ ቀለሞቹ አንዱ ነው።

በፀሐይ

መፍትሔው የመጣው ከእህቴ ነው። ጠዋት ቡና እያፈላች ቀና ብላ አጥሩን አየችው። ተነስታ አንዲት ዘለላ ቀጠፈች። የልጇን ጋውን ከቤት አስወጣች (በእንጨት ጫፍ ይዛ)፣ ነጠብጣቧ ላይ አስጠጋችው።

አንድ ነው። ከመንታም አንድ ነው።

ቡገንቪላን ቀርባችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አበባ የምንለው አበባ አይደለም። ሦስት ቀጫጭን ቅጠሎች ናቸው፤ ወረቀት የመሰሉ፣ ሥራቸው የሚታይ። አበባዎቹ ከመሀላቸው የምታዩአቸው ሚጢጢ ነጫጭ ነገሮች ናቸው። ወረቀት ስለሚመስል ቢደርቅም ቶሎ አይጠወልግም፤ ቀለሙንም ቀናት ያቆየዋል። ጽጌረዳ ቢሆን ደንገጎ ሳይደርስ ይሞት ነበር። ስሙም እንደ ፉሽያ የሰው ስም ነው። ቡገንቪል የሚባል ፈረንሳዊ መርከበኛ፣ በ1766 ተነስቶ ዓለምን ሲዞር፣ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ኮሜርሶን ብራዚል ላይ ነው ያገኘው። ልዩነቱ ይህኛው ድሬዳዋ መጥቶ ተመቸው። አጥር ሁሉ ላይ አለ። እና ግን ቀለም ልንጠራበት አስበን አናውቅም። ያላየነውን አበባ ስም እየጠራን፣ ያየነውን እናልፈዋለን።

ዘለላዋን በወረቀት ጠቅልለን፣ ነጋዴዋን ይዘን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ታይዋን ገባን። ፀሐዩ ሳይከር ማለታችን ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ከዚያ በኋላ ሰውም ቀለምም ይፈዛል። ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንድም ጊዜ ስም አልጠራንም። ጥቅሉን ማስወረድ፣ ቅጠሏን ማስጠጋት፣ መቀጠል።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ሱቅ ውስጥ ሁለት ጥቅል አገኘን። በሱቁ ነጭ መብራት ሁለቱም ከቅጠሏ ጋር አንድ ናቸው። ልንከፍል ስንል ነጋዴዋ «ጋሼ፣ ውጭ እንይ» አለች። የሐጂን ነገር ነግሬያት ነበር። ደጃፍ ላይ ስናወጣቸው ተለያዩ! አንደኛው ወደ ሰማያዊ ሸሸ። ሌላው ከቅጠሏ ጋር ቀረ። እዚያ ቆሜ ደጋግሜ አስገባሁ፣ አስወጣሁ። ባለሱቁ ያበድኩ መስሎት ያየኛል። ርካሽ ነጭ መብራት ቀዩ ብርሃን ያንሰዋል። ሁለት ጨርቅ በሁለት የተለያየ ማቅለሚያ ተነክሮ፣ በዚያ መብራት ሥር መንታ መስሎ፣ ፀሐይ ላይ ባዕድ ይሆናል። ሐጂ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው።

የቀረውን ጥቅል ገልብጬ የተለጠፈበትን አነበብኩ። «ማጀንታ» ይላል።

ለነጋዴዋ አሳየኋት። ሁለታችንም ዝም አልን። ፉሽያ ብለን አዘን ወይን ጠጅ ያገኘን ሰዎች፣ ፉሽያችንን ያገኘነው ማጀንታ ውስጥ ነው። ሊዮን ላይ የተጋቡ ሁለት ስሞች፣ ታይዋን ገበያ ላይ ተፋተው አገኘናቸው።

ሒሳቡ

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የሚወራ የለም። የመጀመሪያው ጨርቅ ስላልተቆረጠ ነጋዴዋ መልሳ ወሰደችው። መመለስ ግዴታዋ አልነበረም፤ የታዘዘችውን ነው የላከችው። ስለዚህ የሚኒባሱን ማመላለሻ ሦስቱንም ጊዜ እኔ ከፈልኩ። እህቴ «ይገባሃል» አለች። ይገባኛል።

ጥሪ ካርዱ ግን አልዳነም። ልጅቷ ማተሚያ ቤት ያንኑ የስልክ ፎቶ ነበር የላከችው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ፣ የታጠበ ሮዝ ሆነ። ቀለም ሊቀየር አይችልም፣ 300 ካርድ ታትሟል። ማንም እንግዳ ካርዱን ከሚዜ ቀሚስ ጋር አላስተያየም፤ ከሙሽራዋ በቀር። እሷ እስካሁን ታነሳዋለች።

አዲሱ 21 ሜትር ሐረር ሲገባ ቅጠሏም አብራ ሄደች፤ እህቴ ጥቅሉ መሀል ሸጉጣት ነበር። ሐጂ ደወሉ። «አሁን ገባኝ» አሉ። «ይሄ እኮ የናንተ አገር አጥር ነው።» በስድስት ቀን ስድስት ቀሚስ ጨረሱ።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ የነጋዴዋ ሱቅ ጎራ አልኩ። አንዲት ሴትዮ ገብታ ልጇ በቪዲዮ ያየችውን የሚዜዎች ቀለም ትጠይቃለች። ስሙ አልመጣላትም። በእጇ አየሩን ትቀዝፋለች።

«ያ... ሮዝ ያልሆነው፣ ወይን ጠጅም ያልሆነው...»

ነጋዴዋ ከመሳቢያዋ አንዲት የደረቀች ቅጠል አወጣች፤ ጫፏ ቡናማ ሆኗል እንጂ መሀሏ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ «እሱን!» አለች።

ነጋዴዋ ደብተሯን ከፈተች። ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እየለየች ጻፈች፦ «4 ሜ. ቡገንቪላ»።